የወረቀት ስጥ

ፀሐይን የመሰለ አስቸጋሪ ፍጡር አላየሁም። ልብስ አጥቤ ስጠብቃት የለችም። ጃንጥላዬን ረስቼ ገበያ ስወጣ ግን አናቴ ላይ ቁጭ ትላለች። መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከፍታው ነው መሰለኝ፣ ስትወጣ ቆዳ ትልጣለች፣ ደመና ሲጋርዳት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ከሸለቆው ጉም ከተነሳማ ሰውና በሬ አይለይም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ተወልጄ ያደግኩበት አገር ሆኖ ሳለ፣ ሥዕል የምትሠራልኝ እሷ እንድትሆን መረጥኩ። ሰው ጥልፍ ይጠልፋል፣ ሰው ዳንቴል ይሠራል። እኔ ፀሐይ እጠብቃለሁ።

ነገሩን የተማርኩት አረብ አገር ነው። እሠራበት በነበረው ቤት ለልጆቹ መጫወቻ ተብሎ የተገዛ አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር፤ ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ላስቲክ የታሸገ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ጥላ ቦታ ከላስቲኩ ያወጡታል፣ ከላዩ ቅጠል ወይም ቁልፍ ወይም ያሻቸውን ያስቀምጡበታል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርጉታል። ዓይን እያየ ወረቀቱ ይነጣል። ሲነጣ አንስቶ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። እዚያ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ፀሐይ ያገኘው ድፍን ሰማያዊ ይሆናል፣ ቅጠሉ የጋረደው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ያለችው ጥርስ እንኳ አትቀርም። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ።

ልጆቹ ቶሎ ሰለቹት። እኔ አልሰለቸኝም። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ከተረፋቸው ወረቀት አንዱን ይዤ እወጣ ነበር። መጀመሪያ ያወጣሁት ከወጥ ቤት የተረፈ የድንብላል ቅጠል ነው። በዚያ ቤት የጠረግኩት ወለል የእነሱ፣ ያበሰልኩት ምግብ የእነሱ፣ አቅፌ ያስተኛሁት ልጅ የእነሱ ነበር። ያች ሰማያዊ ወረቀት ግን የኔ ነበረች። ደስ አለችኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስመለስ ታዲያ ሻንጣዬ ውስጥ ከብርድ ልብሱና ከሽቶው ሥር አንድ እሽግ ይዤ መጣሁ። ዘመድ ተሰብስቦ ሻንጣው ሲከፈት እሽጉ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ወርቅ ሳይመስላቸው አልቀረም። ላስቲኩን እንዳይከፍቱት ስለምናቸው ደግሞ ይበልጥ ወርቅ መሰላቸው። «ወረቀት ነው» አልኳቸው። እሽጉን መልሰው ሰጡኝ። እናቴ እንግዶቹ ሲወጡ፣ «ወረቀትማ እዚህም አለ እኮ ልጄ» አለችኝ። ስለ ፀሐይ ሥዕል ላስረዳት ሞከርኩ፤ ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ አልኳት። አዳምጣ አዳምጣ፣ «ይሁን እንግዲህ፣ ዋናው አፊያ መምጣትሽ ነው» ብላ ዘጋችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ወረቀቱን ለራሴ ብቻ አልነበረም ያመጣሁት። ልጅ አለችኝ። አባቷ ገና ሳትወለድ ሌላ ትዳር ይዞ ሄዷል፤ እሷን ዳዴ ስትል ለእናቴ ትቼ እኔም ሄድኩ። አሠሪዬ ስልክ የምታስነካኝ አልፎ አልፎ ነበር። ደውዬ ስንገናኝ እንኳ ድምፁ ይቆራረጥና «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን ይዘጋል። ስመለስ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ቆየችኝ። ረዝማለች፣ ሹሩባ ተሠርታለች፣ አፍንጫዋ የኔው ነው። ስገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። እጅ ታስታጥበኛለች። ያመጣሁላትን ጫማ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እናቴን «እማዬ» ነው የምትላት። እማዬን ትነተርካታለች፣ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች፣ አልበላም ብላ ታስለምናታለች። እኔ ያቀረብኩላትን ግን ጠርጋ ትበላለች።

ጨዋነቷ አናደደኝ ብል ማን ያምነኛል? ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ እናትሽ አሳደገችልሽ» እያለ ያመሰግናል፤ እኔን ግን ጠዋት ማታ የሚያቃጥለኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አልፈልግም» ብትለኝ! አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ብታኮሳትርብኝ! ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ከአጥሩ ወዲያ ከሌላ ሰፈር ከመጣች ጓደኛዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ጓደኛዋ «ያቺ ሴትዮ ማናት?» ብላት መሆን አለበት። የኔዋ ስትመልስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። «እንግዳችን ናት። ከአረብ አገር መጥታ ነው። ትሄዳለች።» ክፋት አልነበረበትም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያን ቀን እራቴን ሳልቀምስ ተኛሁ።

እንግዲህ ተስፋዬን ወረቀቱ ላይ ጣልኩ። የአሠሪዬ ልጆች ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ሲገለበጥ ባዩ ጊዜ ጮኸው ክንዴን ይዘውት ነበር። የኔዋም አንድ ቀን ክንዴን ትይዝ ይሆናል አልኩ። ይኸው ነው። ሌላ የጠየቅኩት ነገር የለም።

ግን ክረምት ነበር። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ብርድ። በመሃል ፀሐይ ብልጭ ስትል ወረቀት ላወጣ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ፤ እስክወጣ የለችም። ልጄ በር ላይ ቆማ «ዳመነ» ትለኛለች፣ እኔ ራሴ እንደማላየው። እየተመላለስኩ ጉልበቴ አለቀ። እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና ታየኛለች። «አብሽሪ፣ መስከረም ሲጠባ ትወጣለች» ትለኛለች። መስከረም እስኪጠባ ሰማዩን ስራገም ከረምኩ።

መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣች። ያን ጊዜ በኛ አገር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመ ነገር ሁሉ ደጅ ይወጣል። ፍራሽ ይወጣል፣ ብርድ ልብስ ይወጣል፣ እርጥበት የነካው በርበሬ፣ ነቀዝ የጀመረው ባቄላ፣ ለክት የተቀመጠ ቀሚስ፣ የአልጋ ቆዳ፤ መንደሩ በሙሉ ስጥ ይሆናል። ሰውም ሳይቀር ይሰጣል፤ ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞቃሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ በዚያች ጠዋት መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄጃለሁ። ሰልፉ ላይ ቆሜ እንኳ ደስ ብሎኛል። ስመለስ ከልጄ ጋር እንጀምራለን ብያለሁ፤ ለመነሻ የሚሆን እንስላል ከመንገድ ዳር ቆርጬ በእጄ ይዣለሁ።

ግቢ ስገባ እናቴ መሃል ደጁ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ሁለት ሰፌድ አለ። ሰፌዶቹ ላይ ወረቀቶቼ ናቸው። ሳይደራረቡ፣ በሥርዓት ተደርድረው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየላያቸው ጠጠር ተቀምጦባቸው። ልጄ ደግሞ በርበሬ እንደምታገላብጥ ሁሉ በሁለት ጣቷ እያነሳች በጀርባቸው ታስተኛቸዋለች።

ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ጎረቤት ግን ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ብቅ አለ።

«ኧረ በማርያም፣ ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ። «እርጥበት ገብቶት ሽታው ተለውጦ ነበር እኮ። ሻጋታ ሳይበላው ብዬ ነው። ይኸው ደረቀ፣ ነጣ፣ አማረበት።»

«ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ አላልኩሽም?»

«እሱማ ብለሻል። እኔ እንዳይጠወልግ ብለሽ መስሎኝ። ደሞ ወረቀት ምኑ ይጠወልጋል?»

ከእናቴ ጋር መከራከር አይቻልም። ዕድሜዋን ሙሉ ያላሰጣችው ነገር የለም፤ አስጥታውም የተበላሸባት ነገር የለም። ንዴቴ ሲበርድልኝ ሳህን ላይ ውሃ አድርጌ አንዱን ወረቀት ነከርኩት። ተገለበጠ። ድፍን ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ አንድ ነጭ እንክብል፤ የእናቴ ጠጠር። ሌላውን ነከርኩ። ሰማያዊ፣ ጠጠር። ሁሉም እንደዚያው። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይኸው ወጣልሽ አይደል! ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጮኸው?» አለች። ቆንጆ የምትለውን መርጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። አሁንም እዚያው አለ። ሰው ሲመጣ፣ «ወረቀቱን ልጄ ታረብ አገር ይዛው መጣች፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

ልጄስ? ክንዴን ያዘች? መጮኽ ከጀመርኩ አንስቶ እጇን አጣምራ የቤቱ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ፣ የቢሮ ሰው እንደበደለች ሁሉ። ያን ቀን ከጠፋው ወረቀት ይልቅ ያ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አንገበገበኝ።

ሰፌዱ ስለሞላባት እናቴ ለሁለተኛ ዙር ብላ ከላስቲኩ ውስጥ ያቆየቻቸው ጥቂት ወረቀቶች ተርፈዋል። እሽጉን ወስጄ ከሻንጣዬ ሥር ቆለፍኩበት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። በገዛ እናቴ ቤት።

ከተረፉት የመጀመሪያውን ያጠፋብኝ ሰላምታ ነው። ጥሩ ጠዋት ነበር፤ ልጄ ውሃ ቀድታ ሳህኑን ሞልታልኛለች፣ እንስላሉን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ደጅ አውጥቼዋለሁ፣ መንጣት ጀምሯል። ጎረቤታችን ሼኹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በአጥሩ በር ገቡ። እኚህ ሽማግሌ ለኔ አባት ማለት ናቸው፤ እኔ በሌለሁበት እናቴ ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም! አፊያ አደራችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አባባ። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናትሽ አፊያ?»

«አፊያ ናት።»

«ልጂቱ አፊያ? ብርዱ እንዴት ያዛችሁ? ከብቱስ?»

«ከብት የለንም፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቆመው የሚጠይቁኝ በወረቀቱ ራስጌ ነው። የጃንጥላው ጥላ እንስላሌን ከግማሽ በላይ ውጦታል። እኔ ዓይኔ መሬት ላይ፣ አፌ እሳቸው ጋ። ታዲያ ምን ይደረጋል? እንዲህ ያለ ሰው ሰላምታ ላይ ሳለ «ጥላዎን ያንሱልኝ» ይባላል? ጎንበስ ብሎ ወረቀት መሳብስ? ጀርባ መስጠት እኮ ነው። በመጨረሻ፣ «ምን እያሰጣሽ ነው?» አሉኝ። «ሥዕል ነው፣ አባባ» አልኳቸው፤ አሁን ገብቷቸው ዘወር ይላሉ ብዬ። «ማሻአላህ! በይ ዱዓ ላድርግልሽ» አሉና ጃንጥላውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ፣ ልጄም ዘረጋች። ለጤና ለመኑልኝ፣ ለትዳር ለመኑልኝ፣ ለአገር ሰላም፣ ለመኸሩ። አሚን፣ አሚን እያልኩ ወረቀቱ በአንድ በኩል ሲነጣ በሌላ በኩል ጥላ ውስጥ ሲቀር አየሁት።

ሲሄዱ ነከርኩት። ግማሹ የእንስላል ቁራጭ፣ ግማሹ ብዥታ። ልጄ ላይ ዞርኩ። «ቆመሽ እያየሽ ጥላው ሲያርፍበት ቀስ አድርገሽ አትስቢውም ነበር?» አልኳት። «አላዘዙኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለካ ይህች ልጅ ካላዘዝኳት የኔን ዕቃ አትነካም።

ቀጣዩ ደግሞ በምች ጠፋ። ሽንኩርት ስልጥ አርፍጄ እጄን ታጥቤ ነበር የወጣሁት፤ እናቴ ግን ከጓዳ ሆና ሽታው ደረሳት። «በባዶ ራስሽ! ሽንኩርት ነክተሽ! ፀሐይ ላይ! ልትሞቺ ነው?» እያለች ዳማ ከሴ በመዳፏ አሽታ ደረሰችብኝ። አንገቴን በአንድ እጇ ይዛ ጭማቂውን በሁለቱም አፍንጫዬ ጨመረችው። እጄ ወረቀቱ ላይ ነው፤ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። አስነጠሰኝ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ አስነጠሰኝ። እንስላሉ በረረ፣ ወረቀቱ ላይ የተረፈው የምራቄ ፍንጣቂ ነው። «ይማርሽ» አለች እናቴ፣ እፎይ ብላ። ልጄ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። እየሳቀች ነበር። ሳያት ግን ወዲያው ሳቋን ዋጠችና «ይማርዎት» አለች።

ያችን የተዋጠች ሳቅ ሳስብ ሰነበትኩ። ብቻ ብትስቅብኝ ኖሮ ወረቀቱ ሁሉ ቢነድ ግድ አልነበረኝም።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠራ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነፋሱ መጣ። ቅጠል የሚባል ነገር ወረቀት ላይ አልቀመጥ አለ። ጠጠር እንዳላደርግበት የእናቴን ሥራ መድገም ይሆናል። ከላይ የሚጫን ጠፍጣፋ መስታወት ያስፈልጋል። ለቅሶ ልደርስ አቀስታ ከተማ ሄጄ ሳለ ከአንድ የመስኮት መስታወት ከሚቆርጥ ሱቅ ትንሽ ቁራጭ አስቆረጥኩ። «ለምን ነው?» አለኝ ቆራጩ። ቅጠል ልጫንበት ነው ብዬ ብነግረው ዘመዶቼን ይጠራብኛል ብዬ ለፎቶ አልኩት። በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ረዳቱ አንዲት ሴትዮ ጨመረብን፤ ቦታ ስላልነበረ ድንች የሞላ ከረጢቷን አመስግና እኔ ጭን ላይ አደረገችው። «ተጫወቺ ልጄ፣ ይመችሽ» እያለችኝ። መስታወቱ ኩሽሽ ሲል ሰማሁት። ደግነቱ ነጠላዬን ደራርቤው ስለነበር ስብርባሪው ጭኔን አልቆረጠኝም።

ከድጡ ወደ ማጡ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ መስታወት አለ። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ክፈፍ ውስጥ፣ የኔው ፎቶ ላይ። ሄጄ በሦስተኛው ዓመት ግድም አረብ አገር ስቱዲዮ ገብቼ የተነሳሁት ነው፤ ወደ አገር በምትገባ ሴት እጅ ላክሁት፣ እናቴ ደሴ ድረስ አስልካ ክፈፍ አስገዛችለት። በቀይ ቀሚስ ቆሜያለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል፣ ከኋላዬ በሸራ ላይ የተሣለ ፏፏቴ አለ። ያን ሰሞን ሰማዩ ያለ አንዳች ደመና ባደረ አንድ ማለዳ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ክፈፉን አውርጄ ምስማሩን ነቀልኩና መስታወቱን አወጣሁ።

«ተይ፣ ፎቶውን አቧራ ይበላዋል» አለች እናቴ።

«እኔው ራሴ እዚህ ቆሜ ለፎቶዬ ታዝኛለሽ?» አልኳት።

«ኧረ እኔስ ለልጂቱ ብዬ ነው» አለች። ልብ አላልኩትም። ለአንድ ቀን ያህል የሚሰማኝ ሰው ባገኝ ብዬ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

ፎቶውን መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። እንስላሉን ወረቀቱ ላይ፣ መስታወቱን እንስላሉ ላይ። ነፋሱ ነፈሰ፤ ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም። ሼኹ አልመጡም። እናቴ ራሴን እንድሸፍን ብቻ ተናግራ ገባች። ወረቀቱ ነጣ፣ ነጣ፣ እንስላሉ ሥር ብቻ ሰማያዊነቱ ቀረ። አንስቼ ነከርኩት። እንዲያ ያለ ነገር ወጣ! እንደ ክር የቀጠኑት ቅጠሎቹ ሳይቀሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ፣ ነጭ ሆነው ሰማያዊው ላይ ተዘረጉ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም። ልጄ ስትመጣ የማሳያትን እያሰብኩ፣ አሁን ከዚህ በኋላ የቀረችውን ወረቀት እሷው መርጣ ታስቀምጥበታለች እያልኩ፣ ብቻዬን ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

ዞር ስል ፎቶው መደቡ ላይ የለም። ነፋሱ አንስቶ የማጠቢያው ሳህን ውስጥ ከቶታል። በጫፉ ይዤ አወጣሁት። የቀሚሱ ቀይ ለቆ ወደ ፏፏቴው ወርዷል፣ ጉንጬ ላይ ወረቀቱ አብጧል። ይህም ተጨመረብኝ! ከምንም አልቆጠርኩትም ብል ይቀላል፤ የገዛ ፊቴ ነው፣ ዋናው ትከሻዬ ላይ አለ። በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ አጥሩ ላይ ሰቀልኩትና ወደ እንስላሌ ተመለስኩ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ሮጥኩባት። «እይው! ወጣ እኮ! እይው እስቲ!»

ወረቀቱን አላየችውም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ አጥሩን ነው ያየችው። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«የእናቴን ፎቶ ምን አደረጉት?»

ጮኻ ነው የጠየቀችኝ። ድምፅዋ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። የእናቴን፣ አለች። ለእኔ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ።

«እናትሽማ ይኸው!» አልኩ እኔም ጮኼ። «እዚህ ቆሜ የለሁም እንዴ? እሱ ወረቀት ነው! እናትሽ እኔ ነኝ!»

ፎቶውን ከአጥሩ ላይ አውርዳ በዩኒፎርሟ ጫፍ ልታደርቀው ሞከረች። በነካችው ቁጥር ቀለሙ ጨርቁ ላይ ቀረ። መንካቷን ተወችና ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ሸሚዟ ረጠበ። እንባዋ ወረደ።

«እሷ ትስቃለች» አለች። «ማታ ማታ ሁሉን ነገር እነግራት ነበር። ፈተና ወድቄ እንኳ ነግሬያታለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። እርስዎ ከመጡ ጀምሮ ይቆጣሉ። ፀሐይን ይቆጣሉ፣ ነፋስን ይቆጣሉ፣ እማዬን ይቆጣሉ።»

እናቴ በሩ ላይ ብቅ ብላ ነበር፤ አየችንና ተመልሳ ገባች። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እንስላሉ ያለበት ወረቀት ከእጄ የት እንደወደቀ አላውቅም።

«ያን ቀንም አልሳቅኩም ነበር፣ የኔ እናት» አልኳት። «ፎቶ አንሺው ነው ያሳቀኝ። ፊቴን ጥዬ ብቆምበት ጊዜ፣ ለማን የሚላክ ነው አለኝ። ለልጄ አልኩት። ታዲያ ለልጅሽ ከሆነ ሳቂ እንጂ አለኝ። ሳቅኩ።»

በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። ቅንድቧ ተሰብስቧል፤ እኔ ስናደድ የሚሰበሰበው እንደዚያ ነው። ወደ መደቡ ቀረብ አለች።

«አሁንስ ለልጅሽ አይደለም?» ብላ ጮኸችብኝ። «ሳቂ!»

ልስቅ ሞከርኩ። ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዬ ቀደመኝ፣ ፊቴ እምቢ አለኝ። እሷ ግን አልተወችኝም። የረጠበውን ፎቶ ይዛ፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች፣ እስክስቅ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።